ባሕሩን የሚያየው ክፍል

እትዬ ትርሃስ መሞታቸውን የነገረችኝ አንዲት ፖርቱጋላዊት ናት። ቅዳሜ ጠዋት ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ሬድስቶን ሰፈር ካለው ቤታችን ደጅ ላይ የመኪናዬን መስታወት በረዶ እየፋቅሁ ሳለ ስልኬ ጠራ። ቁጥሩ ረጅም ነው። የማላውቀውን ቁጥር አንስቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ለምን እንዳነሳሁት እንጃ።

«ሜሮን ነሽ?» አለችኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

«ነኝ።»

«እኔ ግራሳ ነኝ፣ የቤቱ ባለቤት። ትርሃስ ሞታለች። በእንቅልፏ ነው። አዝናለሁ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። «ቁጭ በይ» የለ፣ «ብቻሽን ነሽ ወይ» የለ፣ «ትንሽ አሟት ነበር» ብሎ ማለማመድ የለ። በእኛ ዘንድ ሞት እንዲህ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ ሄዶ፣ በር አንኳኩቶ ነው። የበረዶ መፋቂያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቆምኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ግን እትዬ ትርሃስ ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር የሚል ነው። «አየሽ? ሰው ለሰው እንዲህ ነው የሚናገረው» ይሉኝ ነበር።

ግራሳ ከዚያ ቀጥላ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን ለመናገር ግን እትዬ ትርሃስ ማን እንደነበሩ ማስቀደም አለብኝ።

የተዋወቅነው ካልጋሪ አየር ማረፊያ ነው። ዩኒቨርሲቲ እየተማርኩ ቅዳሜና እሑድ ዊልቸር ለመግፋት ተቀጠርኩ። መራመድ የሚቸግራቸውን መንገደኞች ከመግቢያው በር እስከ አውሮፕላኑ ማድረስ ነው ሥራው። ሰው ፊት መናገር የሚያስፈራኝ ልጅ ነበርኩ፤ አሁንም ብዙ አልተሻለኝም። በመጀመሪያው ሺፍቴ ወንበር ላይ ተቀምጠው ወደሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ሄድኩና እጀታውን ይዤ መግፋት ጀመርኩ። ዓይናቸውን ማየት ፈርቼ ነው። ሰውዬው ደንግጠው የወንበሩን ክንድ ጨበጡ። ወዲያው አንድ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ። ዞር ስል አጠር ያሉ፣ ጠየም ያሉ ሴት ናቸው። ፀጉራቸውን በጥቁር ሻሽ ጥብቅ አድርገው አስረዋል፤ የደንብ ልብሳቸው እጅጌ ስለረዘመባቸው ታጥፏል።

«ሐበሻ ነሽ አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ስሚኝ ጓለይ። ከኋላ መጥተሽ ሰው አትግፊ። መጀመሪያ ፊት ለፊት ቁሚ። ፊትሽን ይዩት። ስምሽንና የት እንደምትወስጃቸው ንገሪያቸው። ከዚያ በኋላ ትገፊያለሽ። ሰው የማያየው ሰው ሲገፋው ሻንጣ የሆነ ይመስለዋል።»

«ጓለይ» በትግርኛ «ልጄ» ማለት እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው። እትዬ ትርሃስ አስመራ ተወልደው እዚያው በአማርኛ ተምረው፣ ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ያሳለፉ ሰው ናቸው። አማርኛቸው እንደ ድሮ ትምህርት ቤት ደብተር የጸዳ ነበር። «መኪና ፓርክ አድርጌ መጣሁ» ካልኳቸው «አቁሜ መጣሁ ብትዪ ምን ይጎድልብሻል?» ይሉኛል። ራሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ «ሺፍት» እያሉ ይውላሉ። አንድ ቀን ፈራ ተባ እያልኩ ይህን ባነሳባቸው፣ «ለሺፍት አማርኛ አምጪልኝና እተወዋለሁ» አሉኝ።

ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ልጅ የላቸውም። ፓይንሪጅ በሚባል ሰፈር አንድ አሮጌ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ተያይዞ የተሠራ ባለ ፎቅ ቤት ተከራይተው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሌላውን በወንበር ሲገፉ የኖሩት እሳቸው የራሳቸው ጉልበት እያለቀ መጥቶ፣ ብርድ በገባ ቁጥር ደረጃ ሲወርዱ ጎን ለጎን እንደ ሸርጣን ነበር የሚወርዱት። አንዲት እህት ነበረቻቸው፣ ስዊድን የምትኖር፣ ዘውዲ የምትባል። ታናሽ ብትሆንም እሷም ጡረታ የደረሰች ሰው ናት። «አንቱ» ልላት ይገባ ነበር፤ ግን የማውቃት በስልክ ብቻ፣ እትዬ ትርሃስ «አንቺ» እያሉ ሲጨቃጨቋት እየሰማሁ ስለሆነ፣ በልቤ ሁልጊዜ «አንቺ» ናት።

ጭቅጭቃቸው ስለ ፖርቱጋል ነበር።

ነገሩን የጀመሩት አንድ የካናዳ ባልና ሚስት ናቸው። እትዬ ትርሃስ በወንበር ሲገፏቸው ሚስትየዋ ጡረታ ወጥተው ደቡብ ፖርቱጋል ባሕር ዳር እንደሚኖሩ አጫወተቻቸው። በጥር ወር በጫማ ሳይሆን በነጠላ ጫማ ነው የሚሄዱት። እዚህ ለቤት ኪራይና ለማሞቂያ የማይበቃ ጡረታ እዚያ ዓሣም፣ ወይን ጠጅም፣ ሐኪምም ይገዛል። እትዬ ትርሃስ ያን ዕለት ለዘውዲ ደወሉ። ዘውዲ «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» ብላ ተቆጣች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እህትማማቾች ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

ቤቱን በኢንተርኔት ያገኘሁላቸው እኔ ነኝ። የግራሳ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ነው። ግራሳ በቪዲዮ እያዞረች አሳየችን። ከፊት ያለው ሰፊ ክፍል መስኮቱ ባሕሩን ያያል። ከማድ ቤቱ ኋላ ያለችው ትንሿ ክፍል የምታየው ጓሮውን፣ አንድ የብርቱካን ዛፍና የልብስ ማስጫ ገመድ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጦርነት ሆነ። በሥራ ቦታ ዕረፍት ላይ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ እኔም እንድሰማ ብለው በአማርኛ ይጨቃጨቃሉ።

«ባሕሩን የሚያየው የኔ ነው» ትላለች ዘውዲ ከስልኩ ውስጥ።

«ምን ሲደረግ? ታላቋ ማን ሆነና ነው?»

«ታላቅነትሽን እዚያው ካልጋሪ ተዪው። አንቺ በረዶም ላይ ቢሆን ፀሐይ አለሽ። እኔ በጨለማ ወጥቼ በጨለማ የምገባ ሰው ነኝ።»

«ታንኮራፊያለሽ። የሚያንኮራፋ ሰው ጓሮ በኩል ነው የሚተኛው።»

«ባሕሩ ከኔ በላይ ያንኮራፋል። አይሰማሽም።»

እትዬ ትርሃስ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፍነው ይስቁ ነበር። ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው፣ ድምፅ የለውም። ከዚያ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው «አልሰጥሽም!» ይሉና ስልኩን ይዘጋሉ።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ግን ሐሳቡን አልወደዱትም። የዕድራችን ሰብሳቢ ጋሼ ተክሌ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሁሉም በሚሰማበት፣

«ለመሆኑ ፖርቱጋል ማን አለሽ ትርሃስ? አንድ ነገር ብትሆኚ ማን ይቀብርሻል?» አሏቸው።

«ጋሼ ተክሌ፣ የእርስዎን ዕድር የሚፈልገው የሚሞት ሰው ነው። እኔ የምሄደው ልኖር ነው» ብለው መለሱላቸው። ሴቶቹ ሳቁ። ጋሼ ተክሌም ሳቁ፣ ትንሽ ቅር እያላቸው።

ዘውዲ የሞተችው እትዬ ትርሃስ የጉልበት ኦፕራሲዮን ሊሆኑ ቀናት ሲቀራቸው ነው። ወረፋውን ብዙ ጠብቀውታል። ዘውዲም «በሁለት እግርሽ ካልቆምሽ ባሕር ዳር አልወስድሽም» እያለች ስትገፋፋቸው ነበር። ሥራ ቦታዋ ላይ ወድቃ በዚያው አልተነሳችም። ልጇ ሄለን ለጋሼ ተክሌ ደወለች፤ ጋሼ ተክሌ ለእኔ ደወሉ።

«ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ኦፕራሲዮኑ ይለፍ። አሁን ብትሰማ ልቧስ? ሐኪሙስ ቢሰርዘው?»

ጋሼ ተክሌን እምቢ የሚል ሰው አላውቅም። እኔማ ጭራሽ። እሺ አልኩ።

ኦፕራሲዮኑ አለፈ። ከዚያ ቆማ ትራመድ ተባለ። ከዚያ ጾሙ ይፈታ ተባለ። አንዱ የሥራ ሺፍቱ አይመቸውም፣ ሌላው መንገዱ በረዶ ነው ይላል። ሁሉም ምክንያት ነበረው፣ ምክንያቱም ሁሉ ለእሳቸው ማዘን ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ሳምንታት ሄዱ። ሰዎች እቤታቸው ሊጠይቋቸው መጥተው፣ ሾርባ አድርሰው፣ ደረጃው ላይ ሲደርሱ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር።

በዚህ ሁሉ ጊዜ እሑድ እሑድ የምትደውለው ሄለን ናት። እናቷ ጉሮሮዋን ኦፕራሲዮን ሆና መናገር ተከልክላለች አለቻቸው። አባቷ የአዲስ አበባ ሰው ስለነበሩ አማርኛዋ ደህና ነው፣ ትንሽ ብቻ ይሰበራል።

«እማዬ አጠገቤ ናት አክስቴ። ትሰማሻለች። ማውራት ብቻ ነው ኖ ያሏት።»

እትዬ ትርሃስም ሶፋው ላይ እግራቸውን ትራስ አስደግፈው፣ ስልኩን ደረታቸው ላይ አድርገው ለዘውዲ ያወራሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ተስዬ ያላገኘሁትን ዝምታሽን ሐኪም ሰጠኝ» ይሏታል። ይስቃሉ። ስለ ጉልበታቸው፣ እቤት መጥታ ስለምታራምዳቸው ባለሙያ፣ ግራሳ ስለላከችው የብርቱካን ዛፍ ፎቶ ይነግሯታል። እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ ምንጣፉን አያለሁ።

አንድ እሑድ እንዲህ አሉ፦ «ስሚ ዘውዲ፣ አፍሽ ተዘጋ ብዬ የምራራልሽ እንዳይመስልሽ። ባሕሩን የሚያየው የኔ ነው። በቃ፣ ዝም ካልሽ ተስማምተሻል ማለት ነው።»

ከዚያ ሄለን፣ ቀስ ብላ፦

«አክስቴ... እማዬ፣ አንቺ ውሰጂው ትላለች። ባሕሩን የሚያየውን። ላንቺ ይሁን ትላለች።»

ጉልበታቸውን ሲያሹ የነበረ እጃቸው ቆመ። ስልኩን አዩት። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። እኔ ምንጣፉ ላይ ቀረሁ።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «እሺ የኔ ልጅ። እናትሽን ሳሚልኝ። አንቺም ብዪ፣ ድምፅሽ ከስቷል።»

ስልኩ ሲዘጋ መጋረጃውን እንድዘጋላቸው ጠየቁኝ፣ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ ብለው። ያን ቀን ደመና ነበር። ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላም እሑድ እሑድ ለዘውዲ ማውራታቸውን አልተዉም። ስለ ክፍሉ ግን ደግመው አላነሱም። «ዘውዲ፣ ይችን ልጅ ጎበዝ በያት፣ ብቻዋን እኮ ነው የምታስታምምሽ» ይላሉ።

መርዶው የተነገረው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። መኪኖቻችንን ራቅ አድርገን፣ ትምህርት ቤቱ አጠገብ አቆምን። ጋሼ ተክሌ ከፊት፣ ቄሱ አጠገባቸው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እኔ ከሁሉም ኋላ። ጋሼ ተክሌ ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሱ በሩ ተከፈተ።

እትዬ ትርሃስ ጥቁር ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮች ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል። የጎረቤት ወንበሮች ሳይቀሩ አሉበት።

«ግቡ» አሉ። «ትናንት ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ‹ነገ ጠዋት ቤት ነሽ ወይ› ሲለኝ አመሸ። በዚህ ጉልበቴ ወዴት ልሄድ ኖሯል?»

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ሲቀመጥ ጋሼ ተክሌ ቆባቸውን አውልቀው ተነሡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እትዬ ትርሃስ ግን እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸው።

«ይቀመጡ ጋሼ ተክሌ። ቀድሜ እኔ ልንገራችሁ። እህቴ ዘውዲ ሞታለች።»

ከዚያ ምርኩዛቸውን ጣሉት። እንዲህ ያለ ልቅሶ ከዚያ በፊት አልሰማሁም፣ ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። የሳምንታት ልቅሶ ነው በአንድ ጊዜ የወጣው። ሴቶቹ ሊይዟቸው ቢሞክሩ «ተዉኝ! እናንተ ደረጃዬ ላይ ስታለቅሱ ከርማችሁ የለ? እኔ የት ላልቅስ?» እያሉ ይጮኹ ነበር። ጋሼ ተክሌ ፊታቸውን በቆባቸው ሸፍነው እንደ ልጅ አለቀሱ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ብርጭቆ እያጠብኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ጠየቅኋቸው። ፊታቸውን እያየሁ መጠየቅ አልቻልኩም።

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ክፍሉን የሰጠችኝ ቀን። ዘውዲ በሕይወት ብትኖር ያንን ክፍል አትሰጠኝም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ሄለን በየሳምንቱ እናቷን አጠገቧ ታስቀምጣት የለ? ለኔ ብላ የምታደርገው መሰላት። አውቄያለሁ ብላት ለሷም ትሞትባታለች። ግን ክፉ ሥራ ነው ሜሮን። ሐዘኔን ከኋላ ሆናችሁ ስትገፉት ከረማችሁ። ነይ እስቲ፣ ወዲህ ዙሪ። እኔ ስሞት እንዲህ እንዳይደረግ። አንቺ ፊት ለፊት ቁሚና ተናገሪ። ለሄለንም፣ ለሁሉም። ቃል ግቢልኝ።»

«እሺ።»

«እሺ አይደለም። በአፍሽ።»

«ቃል እገባለሁ» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ የፖርቱጋል ነገር አበቃ ብሎ ነበር። እትዬ ትርሃስ ግን ዓመቱ እንዳለፈ ሄዱ። ጋሼ ተክሌ «ብቻሽን?» ሲሏቸው «ቤት የተከራየነው ሁለት ሆነን ነው፣ አንዳችን መገኘት አለብን» አሉ።

የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ጉልበታቸው ደህና ነበር፣ መንገዱ ግን ሩቅ ስለሆነ ወንበር ታዘዘላቸው። የድሮ ባልደረቦቻችን ከየአቅጣጫው እየመጡ አቀፏቸው። አንዷ ልትገፋቸው ስትል «ሜሮን ታድርሰኝ» አሏት። እኔ ያን ሥራ ከተውኩ ቆይቼ መሀል ከተማ ቢሮ ገብቼ ነበር። ዞሬ ፊታቸው ቆምኩ።

«ሜሮን እባላለሁ። እስከ ፍተሻው በር አደርስዎታለሁ።»

አፋቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ለይቼ አላውቅም።

«ከዚያ ወዲያስ?»

«ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ይቀበልዎታል።»

«እሱም ከፊት ይምጣ በይልኝ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በስልክ ነው የማገኛቸው። ደስ ብሏቸው ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ድምፃቸው ሞቅ ያለ ነበር። ግራሳ ፖርቱጋልኛ፣ እሳቸው አማርኛ ይናገራሉ፣ ሲያቅታቸው ብቻ እንግሊዝኛ ይጨምሩበታል። «ሜሮን፣ ብርቱካኑ ዝም ብሎ ይወድቃል፣ የሚያነሳው የለም። አሁን በጥር ወር ደጅ ተቀምጬ ነው የማወራሽ። ጉልበቴ አለኝ ወይ ብዬ አንዳንዴ እዳብሰዋለሁ፣ አይሰማኝማ!» እኔ ሁልጊዜ «ባሕሩስ?» እላቸዋለሁ። «ይሰማኛል» ይሉኛል። ለምን «አየዋለሁ» እንዳላሉኝ አንድም ቀን አላሰብኩም። ለፋሲካ ልሄድ ቲኬት ቆርጬ ነበር።

ያን ቅዳሜ ጠዋት፣ ከግራሳ ጋር ጨርሼ፣ እጄ ሳይሞቅ ለሄለን ደወልኩ። ደወልኩና ማን መሆኔን ተናገርኩ። «ሄለን፣ አክስትሽ እትዬ ትርሃስ ሞተዋል» አልኳት። ጮኸች። እስክትጨርስ ጠበቅኋት፣ አብሬያት አለቀስኩ። ከዚያ ለጋሼ ተክሌ ደወልኩ። እሳቸው «ለልጅቱ እስክናስብበት ድረስ...» ብለው ሲጀምሩ፣ «ነግሬያታለሁ ጋሼ» አልኳቸው። «ደግ አደረግሽ» አሉኝ። እትዬ ትርሃስ እዚያው ፖርቱጋል ተቀበሩ፣ ባሕሩ ከሚታይበት ኮረብታ ላይ። እኛ እዚህ ፍትሐት አስደረግን። ጋሼ ተክሌ ንግግር ሊያደርጉ ተነሥተው አልቻሉም።

ቃሌን ለሁሉም ጠብቄያለሁ። ከአንድ ሰው በስተቀር።

ግራሳ በዚያች ስልክ መርዶውን ከነገረችኝ በኋላ አልዘጋችውም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ። «ትርሃስ በትልቁ ክፍል አንድም ቀን ተኝታ አታውቅም። የምትተኛው ከማድ ቤቱ ኋላ ባለችው በትንሿ ክፍል ነው። ያገኘኋትም እዚያ ነው። ትልቁን ግን በየቀኑ ታጸዳዋለች፣ አንሶላውን ትቀይራለች፣ ጠዋት መስኮቱን ትከፍታለች። ለእንግዳ ላከራየው ብላት እምቢ አለች። እህቴ ጉሮሮዋን ታማለች፣ ሲሻላት ከስዊድን ትመጣለች ትለኝ ነበር። እሷ ሳትመጣ እንዲህ ሆነ። አሁን ለእህቷ ማን ይነግራታል?»

መንገዱ ላይ የጎረቤታችን መኪና አለፈ። መልሱ አፌ ላይ ነበር፣ አጭር ነው፣ በእንግሊዝኛም ይቻላል። ፊት ለፊት ቆሜ እንድናገር ቃል አስገብተውኛል። ግን እዚያ፣ መስኮቱ በየጠዋቱ በሚከፈትበት ክፍል፣ ዘውዲ አልሞተችም።

«ሜሮን? ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሻለሁ» አልኳት። «እኔ እነግራታለሁ።»